የቤት ውስጥ ብስክሌት ዋት ምን ያህል ይታመናል? ንባቡንና የአቅም ፈተናውን መመርመሪያ መንገድ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በሁለት ሳምንት ልዩነት በብስክሌት ላይ ያደረግኋቸውን ሁለት ተመሳሳይ የአቅም ፈተናዎች ሳስተያይ 18 ዋት ጨምሬ አገኘሁ። ደስታዬ ብዙ አልቆየም። በሁለተኛው ፈተና የልብ ምቴም ሆነ የተሰማኝ ድካም ከመጀመሪያው ጋር አንድ ዓይነት ነበር፤ ብስክሌቱ ግን ከሞቀ ክፍል ወጥቶ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ አድሯል፤ እኔም በፔዳሉ ላይ ያለውን የኃይል መለኪያ ዜሮ ሳላደርግ፣ ማለትም ማንም ሳይረግጠው ዜሮ እንዲያነብ ሳላስተካክለው፣ ጀምሬአለሁ። በማግሥቱ ዜሮ ሳደርገው፣ ማንም ሳይረግጠው 2 ኒውተን ሜትር ያህል ጉልበት እየቆጠረ እንደነበር ታየ። በደቂቃ 88 ዙር ለሚረግጥ ሰው 2 ኒውተን ሜትር ማለት 18 ዋት ማለት ነው። ያ ሁሉ ጭማሪ የመለኪያው ነበር።

ይህ ዓይነቱ ስሕተት ብርቅ አይደለም። በቤት ውስጥ ልምምድ የሚሠራ ሰው ነፋስ፣ አቀበትና አብሮት የሚጋልብ ጓደኛ ስለሌለው ስለ አቅሙ የሚያውቀው አብዛኛው ነገር የሚመጣው ከስክሪኑ ነው፤ ስለዚህ የስክሪኑ ቁጥር ሲሳሳት የልምምድ ዕቅዱና የዕረፍቱ መጠን አብረው ይሳሳታሉ። ስሕተት የሌለበት መለኪያ የለም። ማድረግ የሚቻለው የስሕተቱን መጠንና አቅጣጫ ማወቅ፣ ከዚያም ከስሕተቱ የሚበልጥ ለውጥ ሲታይ ብቻ «ተሻሻልኩ» ወይም «ደከምኩ» ማለት ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ይህን በቤት ውስጥ እንዴት ማድረግ እንደሚቻል ነው።

ቁጥሩ ከየት ይመጣል

ዋት የሁለት ነገሮች ብዜት ነው፤ አንዱ ቶርክ፣ ማለትም እግር ክራንኩን (ፔዳሉ የተያያዘበትን የብረት ክንድ) የሚያዞርበት የመጠምዘዝ ጉልበት ሲሆን፣ ሌላው ክራንኩ የሚዞርበት ፍጥነት ነው። ቶርኩን በኒውተን ሜትር፣ ፍጥነቱን በደቂቃ ዙር ወስደው ሁለቱን ካባዙ በኋላ ለ9.55 ሲያካፍሉት ዋቱ ይገኛል፤ ለምሳሌ 26.5 ኒውተን ሜትር በደቂቃ 90 ዙር ሲረገጥ 250 ዋት ያህል ይሆናል። ከሁለቱ አንዱ በተሳሳተበት መጠን ዋቱም ይሳሳታል። ብዙ ሰው ቶርኩን ብቻ እየተጠራጠረ የዙሩን ቁጥር ሳይመረምር ያልፈዋል፤ ፍተሻው ግን ከሁሉ የቀለለ ነው። ቀኝ ጉልበትዎ ወደ ላይ የወጣበትን ጊዜ ለ30 ሰከንድ ይቁጠሩና በሁለት ያባዙት፤ ስክሪኑ ከዚህ በሁለት ዙር ቢለይ የእርስዎ አቆጣጠር ሊሆን ይችላል፤ በስድስትና በሰባት ዙር ከተለየ ወይም በየመካከሉ ወደ እጥፍ የሚዘል ከሆነ ግን ችግሩ የዙር ቆጣሪው ነው።

ቶርኩ በትክክል የሚለካባቸው መሣሪያዎች አሉ፤ የሚገመትባቸውም አሉ። በፔዳል ወይም በክራንክ ላይ የሚገጠሙት መለኪያዎች ስትሬን ጌጅ የሚባል ቀጭን የኤሌክትሪክ መስመር በብረቱ ላይ ተለጥፎባቸዋል። ብረቱ በእግር ግፊት ዓይን በማያየው መጠን ሲጣመም የመስመሩ የኤሌክትሪክ መቋቋም ይለወጣል፤ መለኪያውም ያንን ለውጥ ወደ ቶርክ ይተረጉመዋል። ጀርመናዊው መሐንዲስ ኡልሪክ ሾበረር ኤስአርኤም የተባለውን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1986 ሲያቋቁም የተነሣው ከዚህ ሐሳብ ነበር፤ የዛሬዎቹ መለኪያዎችም በዚያው መሠረት ላይ ይሠራሉ። ድክመታቸው የሚመጣውም ከዚያው ከብረቱ ነው፤ ብረት በሙቀትና በቅዝቃዜ መጠኑ ስለሚለዋወጥ፣ ማንም ሳይነካው የተጣመመ መስሎ ሊቆጠር ይችላል። የእኔ 18 ዋት የመጣው በዚህ መንገድ ነው።

የኋላው ጎማ ወልቆ ብስክሌቱ በቀጥታ የሚገጠምባቸው ትሬነሮች (ብስክሌቱን ባለበት አቁመው የሚያስረግጡ መሣሪያዎች) አንዳንዶቹ ቶርክን በቀጥታ ይለካሉ፤ ሌሎቹ ግን ከፍሬናቸው የኤሌክትሪክ ፍሰትና ከተሽከርካሪው ዲስክ ፍጥነት ያሰሉታል። አምራቾች ለነዚህ ትሬነሮች አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጡት የስሕተት ወሰን ከ1 እስከ 2.5 በመቶ ከፍ ወይም ዝቅ የሚል ነው። ጎማው ሮለር ላይ ተጭኖ የሚሽከረከርባቸው ትሬነሮች ደግሞ ከ3 እስከ 5 በመቶ የሚደርስ ወሰን ይሰጣቸዋል፤ ይህም የጎማው ነፋስ፣ የሮለሩ ጥብቀትና የጎማው ሙቀት በተገቢው ሁኔታ ላይ ሲሆኑ ብቻ የሚሠራ ነው።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚያስፈልጋቸው ማግኔትን ወደ ዲስኩ በማቅረብና በማራቅ የሚያከብዱ የጂም ብስክሌቶች ናቸው። ብዙዎቹ ቶርክ የሚለካ ምንም ነገር የላቸውም፤ ማዞሪያው በየትኛው ደረጃ ላይ እንዳለና በደቂቃ ስንት ዙር እንደተረገጠ ይመለከቱና ፋብሪካው ካስቀመጠው ሠንጠረዥ ላይ ዋቱን ያነባሉ። የማግኔቱ አቀማመጥ በትንሹ ከተዛባ ወይም ዲስኩ ሲሞቅ ፍሬንነቱ ከቀነሰ ሠንጠረዡ ይህን አያውቅም። ለዚህም ነው ጎን ለጎን የቆሙ አንድ ዓይነት ብስክሌቶች ለአንድ ሰው ጥረት የተለያየ ዋት የሚሰጡት። በእንዲህ ዓይነቱ ብስክሌት የሚሠራ ሰው ሁልጊዜ በዚያው በአንዱ ብስክሌት ላይ እየተፈተነ ከራሱ ጋር ቢወዳደር ይጠቀማል፤ ቁጥሩን ወደ ሌላ ብስክሌት ይዞ መሄድ ወይም ከሌላ ሰው ቁጥር ጋር ማስተያየት ግን ትርጉም የለውም።

ትክክለኛነትና ወጥነት

እዚህ ላይ ሁለት የሚምታቱ ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። እውነተኛውን 250 ዋት ሁልጊዜ 262 ብሎ የሚያሳይ መለኪያ ትክክል አይደለም፤ ወጥ ግን ነው። ዛሬ 244፣ ነገ 257 የሚል መለኪያ ደግሞ አማካዩ 250 አካባቢ ቢሆንም ወጥነት የለውም። ለልምምድ የሚበጀው የመጀመሪያው ነው፤ በ262 የተሠራ ዕቅድ በ262 ስለሚፈጸም ሰውየው ምንም አይጎዳም፤ ሁለተኛው ግን አንዱን ቀን ከአቅም በላይ፣ ሌላውን ቀን ከአቅም በታች ያሠራዋል። ስለዚህ ምርመራዬን ሁልጊዜ የምጀምረው ከወጥነት ነው፤ ወጥ ያልሆነን መሣሪያ «ትክክል ነህ ወይ?» ብሎ መጠየቅ አይቻልም።

ወጥነትን ለመፈተሽ ለ15 ደቂቃ ይሙቁ፤ ከዚያ በአንድ ማርሽና በደቂቃ በአንድ ዓይነት ዙር ለ10 ደቂቃ ምቾት በሚሰጥዎ ዋት ይርገጡና የመጨረሻዎቹን 5 ደቂቃዎች አማካይ ዋትና አማካይ የልብ ምት ይመዝግቡ። ይህን በተለያዩ አራት ወይም አምስት ቀናት፣ በቂ ዕረፍት ካደረጉ በኋላ ይድገሙት። የልብ ምት በእንቅልፍ፣ በቡናና በሙቀት ስለሚለዋወጥ በአንድ ቀን መመስከር አይችልም፤ ነገር ግን በአንድ ዓይነት የልብ ምትና በአንድ ዓይነት ድካም የተገኘው ዋት ከቀን ወደ ቀን በ15 ዋት የሚዋዥቅ ከሆነ ጥርጣሬው ከሰውነትዎ ይልቅ ወደ መሣሪያው ያዘነብላል።

ከእያንዳንዱ መለኪያ በፊት የሚደረጉ ነገሮች

ብስክሌቱ ልምምዱ በሚሠራበት ክፍል ውስጥ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይቆይ። ከዚያ ለ10 ደቂቃ ያህል ይሙቁና ከብስክሌቱ ወርደው፣ በፔዳሉ ላይ ምንም ክብደት ሳይኖር፣ መለኪያውን ዜሮ ያድርጉ። አፑ የዜሮ ቁጥር የሚያሳይ ከሆነ ቁጥሩን ይጻፉት፤ ከቀን ወደ ቀን በጥቂቱ ቢለዋወጥ የሙቀት ጉዳይ ነው፤ በአንድ ጊዜ እጅግ ከዘለለ ግን ፔዳሉ ወይም ክራንኩ በሚገባ አልጠበቀም፣ አልያም ባትሪው ሊያልቅ ነው። ጎማ በሚነካው ትሬነር ላይ ነፋሱን ሁልጊዜ በጌጅ እየለኩ አንድ ዓይነት ያድርጉ፤ የሮለሩን ማጥበቂያም በተመሳሳይ የዙር ብዛት ያጥብቁ፤ ከዚያ ጎማውን አፍጥኖ በራሱ እስኪቆም የመልቀቅ ማስተካከያውን ከሞቁ በኋላ ያድርጉ። ጎማው ሳይሞቅ የተደረገ ማስተካከያ ልምምዱ ሲጀመር ዋጋ ያጣል።

የክራንክ ርዝመት በቅንብሩ ውስጥ በትክክል መግባቱንም ያረጋግጡ። በፔዳል መለኪያዎች ላይ 170 ሚሊ ሜትር የሆነው ክራንክ በስሕተት 175 ተብሎ ከተሞላ ዋቱ ሁልጊዜ 3 በመቶ ያህል ከፍ ብሎ ይነበባል፤ ማንም ደግሞ ለወራት ላያስተውለው ይችላል። ርዝመቱ ብዙውን ጊዜ በክራንኩ የውስጥ ገጽ ላይ ተጽፎ ይገኛል።

በታወቀ ክብደት መፈተሽ

መለኪያቸው ቶርክን በቁጥር ለሚያሳይ ሰዎች ከዚህ የተሻለ የቤት ውስጥ ፈተና የለም። በጥሩ ሚዛን የተመዘነ ክብደት ይፈልጉ፤ የብረት ሳህኖች በላያቸው ከተጻፈው ክብደት ሊለዩ ስለሚችሉ ጽሑፉን አይመኑ፤ ማንጠልጠያውንም አብረው ይመዝኑት። የኋላውን ፍሬን አጥብቀው አስረው፣ ክራንኩን ወደ ፊት አዙረው ከወለሉ ጋር ትይዩ ያድርጉትና ክብደቱን በፔዳሉ ዘንግ ላይ ያንጠልጥሉት። ክራንኩ በ5 ዲግሪ ቢያዘነብል የሚመጣው ስሕተት ከግማሽ በመቶ በታች ስለሆነ በዓይን ማስተካከሉ ይበቃል። የሚጠበቀው ቶርክ ክብደቱ በኪሎ፣ ሲባዛ በ9.81፣ ሲባዛ በክራንኩ ርዝመት በሜትር ነው። ክራንኩ 172.5 ሚሊ ሜትር ከሆነ ለ10 ኪሎ 16.9፣ ለ20 ኪሎ 33.8 ኒውተን ሜትር መነበብ አለበት።

ሁለት ክብደቶች የሚያስፈልጉት ለዚህ ነው። መለኪያው 17.9 እና 34.8 ቢያሳይ በሁለቱም ላይ 1 ኒውተን ሜትር ጨምሯል ማለት ነው፤ ይህ የዜሮ ችግር ስለሆነ ዜሮ በማድረግ ይስተካከላል። 17.4 እና 34.9 ቢያሳይ ግን ጭማሪው ከክብደቱ ጋር አብሮ ያድጋል፤ ይህ 3 በመቶ ያህል የሆነ የምጥጥን ስሕተት ነው፤ ዜሮ ማድረግ አይነካውም፤ ማስተካከል የሚቻለው መሣሪያው የሚፈቅድ ከሆነ በቅንብር፣ ካልሆነም በአምራቹ ዘንድ ነው። የፔዳል መለኪያዎች የሚንጠለጠልበትን ቦታ በተመለከተ የየራሳቸው ደንብ ስላላቸው የአምራቹን መመሪያ አስቀድሞ ማንበብ ያስፈልጋል።

ሁለት መሣሪያዎችን ማስተያየት

በብስክሌቱ ላይ የፔዳል መለኪያ፣ ከሥሩም ዋት የሚለካ ትሬነር ካለ ሁለቱን በሁለት የተለያዩ መቅረጫዎች በአንድ ጊዜ ይቅረጹ። እግር የሰጠው ኃይል ትሬነሩ ላይ ከመድረሱ በፊት በሰንሰለቱና በማርሾቹ ውስጥ ስለሚያልፍ ከ2 እስከ 4 በመቶ የሚሆነው በመንገድ ይቀራል። ስለዚህ ፔዳሉ 250 ሲል ትሬነሩ ከ240 እስከ 245 ቢል ሁለቱ ይስማማሉ። ትሬነሩ 255 ካለ ግን ከመካከላቸው ቢያንስ አንዱ ተሳስቷል፤ ኃይል በሰንሰለት ውስጥ አልፎ ሊጨምር አይችልምና። እኩል 250 ቢያሳዩም ልክ አይደለም፤ ብዙ ሰው ግን ይህን ሲያይ ነው የሚደሰተው።

ማስተያየቱን በአጭር ፈጣን ጥረት አያድርጉት፤ የተሽከርካሪው ዲስክ ክብደትና የንባቡ ማለስለሻ (ቁጥሩን በአማካይ እያረጋጋ የሚያሳየው ስሌት) ሁለቱን ለጥቂት ሰከንዶች ያለያያቸዋል። በ150፣ በ200 እና በ250 ዋት አካባቢ እያንዳንዳቸው 5 ደቂቃ የሚቆዩ የተረጋጉ ክፍሎችን ይሥሩና አማካዮቻቸውን ያስተያዩ። ልዩነቱ በሦስቱም ላይ 10 ዋት ከሆነ የዜሮ ችግር ነው፤ ከዋቱ ጋር እያደገ ከሄደ የምጥጥን፤ በአንዱ ዋት ላይ ሳለ ከደቂቃ ወደ ደቂቃ ከሰፋ ደግሞ የሙቀት ችግር ነው። ትሬነሩ ራሱን ከፔዳሉ ንባብ ጋር እንዲያስማማ የሚያደርገውን ቅንብር አስቀድመው ያጥፉ፤ ያለዚያ አንዱ የሌላውን ቁጥር ስለሚከተል ስምምነታቸው ምንም አይመሰክርም። ትሬነሩ ዋቱን ራሱ በሚቆጣጠርበት ሁነታ ላይ የሚታየው ቀጥ ያለ መስመርም እንዲሁ ነው፤ የመስመሩ ቀጥታነት ከማለስለሻው ሊመጣ ስለሚችል የትክክለኛነት ማስረጃ አድርገው አይቁጠሩት።

መለኪያዎ በግራ በኩል ብቻ ከሆነ የግራውን ዋት በሁለት እያባዛ እንደሚያሳይ አይርሱ። ከጠቅላላ 250 ዋት ውስጥ የግራ እግርዎ ድርሻ 48 በመቶ ከሆነ ስክሪኑ 240 ይላል። ችግሩ በዚህ ቢቆም ወጥ ስሕተት ስለሚሆን ብዙ ባልጎዳ ነበር፤ ነገር ግን የእግሮች ድርሻ በብዙ ሰዎች ላይ ከድካምና ከጥረት መጠን ጋር ስለሚለዋወጥ በፈተና መጨረሻ ላይ የሚታየው ጭማሪ ወይም ቅናሽ የእግር ሚዛን ለውጥ ብቻ ሊሆን ይችላል። ሞላላ የፊት ማርሽ የሚጠቀም ሰውም፣ መለኪያው በአንድ ዙር ውስጥ ፍጥነቱ አይለዋወጥም ብሎ የሚያሰላ ከሆነ፣ ከእውነቱ በጥቂት በመቶ ከፍ ያለ ቁጥር ያያል።

ፈተናዎቹ የሚሳሳቱበት መንገድ

መለኪያው ቢስተካከልም የአቅም ፈተናው የራሱ ስሕተት አለው። ኤፍቲፒ የሚባለው፣ ሰው ድካሙ ሳይፈነዳበት በተረጋጋ ሁኔታ ለረዥም ጊዜ ይዞት ሊቆይ የሚችለው ከፍተኛ ዋት ሲሆን፣ በተለምዶ ከ20 ደቂቃ ፈተና 95 በመቶው ተወስዶ ይገመታል። ብዙዎች የሚዘሉት ነገር አለ፤ በዋናው ደንብ ከ20 ደቂቃው በፊት 5 ደቂቃ በሙሉ አቅም ይረገጣል፤ ዓላማውም አጭር ጊዜ የሚያገለግለውን የተጠራቀመ አቅም ማሟጠጥ ነው። ይህ ሳይደረግ 95 በመቶ መውሰድ ውጤቱን ያጋንነዋል፤ በተለይ በአጭር ፈጣን ጥረት ብርቱ ለሆነ ሰው።

በየደቂቃው እየከበደ የሚሄደው ፈተና አጭርና ለመድገም የሚመች ነው፤ ከመጨረሻዋ ምርጥ ደቂቃ 75 በመቶው ይወሰዳል። 320 ዋት ላይ የቆመ ሰው 240 ይባላል ማለት ነው። ሆኖም 75 የሚለው ቁጥር የብዙዎች አማካይ እንጂ የእርስዎ ቁጥር አይደለም፤ በአጭር ፈጣን ጥረት ብርቱ የሆነ ሰው ከዚህ በታች፣ ጽናት ያለው ሰው ከዚህ በላይ ሊሆን ይችላል። ማጣሪያው ቀላል ነው፤ የተገኘውን ዋት 95 በመቶ በ20 በ20 ደቂቃ ሁለት ጊዜ፣ በመካከል 5 ደቂቃ አርፈው ይሞክሩት። በሁለተኛው አጋማሽ ላይ ከወደቁ ፈተናው አጋንኖልዎታል፤ ዋቱን በ5 በመቶ ዝቅ አድርጎ መሥራት ውርደት አይደለም።

እኔ የምመርጠው የሁለት ፈተና ስሌትን ነው። በተለያዩ ቀናት 3 ደቂቃና 12 ደቂቃ በሙሉ አቅም ይረግጡ። ለምሳሌ በ3 ደቂቃው አማካይ 330፣ በ12 ደቂቃው 270 ዋት ከተገኘ፣ እያንዳንዱን በሰከንዶቹ ሲያባዙ 59,400 እና 194,400 ጁል ይሆናል። ልዩነቱ 135,000 ጁል ነው፤ በሰከንዶቹ ልዩነት በ540 ሲካፈል 250 ዋት ይሰጣል፤ ይህ ወሳኝ ኃይል ይባላል፤ እንደ ኤፍቲፒ ሁሉ በተረጋጋ ሁኔታ ለረዥም ጊዜ ሊያዝ የሚችለውን ዋት ይገምታል። ከ59,400 ላይ 250 ዋት በ180 ሰከንድ የሚሠራው 45,000 ሲቀነስ የሚተርፈው 14,400 ጁል የተጠራቀመው አቅም ነው። ይህን ዘዴ የምወድበት ምክንያት ከመለኪያ ስሕተት ጋር ባለው ግንኙነት ነው፤ መለኪያው በዜሮ ችግር በሁለቱም ቀናት 10 ዋት ቢጨምር ወሳኝ ኃይሉ 260 ይሆናል፤ የተጠራቀመው አቅም ግን በ14,400 ላይ አይነቃነቅም። ስለዚህ ከወራት በኋላ ወሳኝ ኃይሉ ብቻ ዘልሎ ሌላው ባለበት ከቆመ፣ ከመደሰት በፊት መለኪያውን ዜሮ አድርጎ መድገም ተገቢ ነው።

ሰዓቶችና አፖች ከዋት ተነሥተው የሚሰጡት ቪኦቱ ማክስም (ሰውነት በደቂቃ ሊጠቀምበት የሚችለው ከፍተኛ የኦክስጅን መጠን) የዋቱን ስሕተት ይወርሳል። በሰፊው በሚሠራበት ቀመር የኦክስጅን ፍጆታው በኪሎ የሚደርሰው ዋት በ10.8 ተባዝቶ 7 ሲደመርበት ነው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በ300 ዋት 53.3 ሲያገኝ፣ እውነተኛው ዋት 285 ከሆነ 51 ብቻ ይሆናል። ያልታደሰ የሰውነት ክብደት በአፑ ውስጥ ካለም ሁለተኛ ስሕተት ይደረብበታል።

ሙቀቱም ፈተናውን ያዛባል። 250 ዋት በፔዳል ላይ የሚያሳርፍ ሰው ከ750 እስከ 1,000 ዋት የሚሆን ሙቀት ያመነጫል፤ በሜዳ ላይ ነፋሱ ይወስድለታል፤ በክፍል ውስጥ ግን ቬንቲሌተር ከሌለ ሰውነቱ ውስጥ ይከማቻል፤ የልብ ምቱ ይወጣል፤ ዋቱ ይወርዳል። አንዱን ፈተና በቬንቲሌተር፣ ሌላውን ያለ ቬንቲሌተር ያደረገ ሰው የለካው አቅሙን ሳይሆን ቬንቲሌተሩን ነው።

መለኪያው በ2 በመቶ፣ ሰውነትም ከቀን ወደ ቀን በ2 ወይም በ3 በመቶ ስለሚዋዥቅ፣ በ250 አካባቢ ላለ ሰው ከ8 ወይም ከ10 ዋት ያነሰ ለውጥን በአንድ ፈተና አላምንም። በሳምንት ውስጥ ፈተናው ተደግሞ ለውጡ ሲጸና፣ የተለመደውም ዋት በዝቅተኛ የልብ ምት ሲረገጥ፣ ያን ጊዜ እቀበለዋለሁ። ለዚህም ከእያንዳንዱ ፈተና ጎን የክፍሉን ሙቀት፣ የዜሮውን ቁጥር፣ የጎማውን ነፋስ፣ የቬንቲሌተሩን ደረጃና አማካይ የልብ ምቱን እጽፋለሁ።

መሣሪያ ሲለወጥ የድሮውን ቁጥር በስሌት ወደ አዲሱ ለመቀየር አይሞክሩ። የሚቻል ከሆነ ለሁለት ሳምንት ሁለቱን አብረው ይቅረጹ፤ ካልተቻለ በአዲሱ መሣሪያ ፈተናውን ከመጀመሪያው ይጀምሩ፤ በማስታወሻው ላይ በለውጡ ቀን መስመር ያስምሩና ከመስመሩ በላይና በታች ያሉትን ቁጥሮች እርስ በርስ አያስተያዩ።